ኖኪያ «አልቀየርም» ብሎ አልወደቀም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ታላላቅ ኩባንያዎች ውድቀት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ኖኪያ «ዘመን ሲለወጥ አልለወጥም ብሎ የሞተ» ኩባንያ ተደርጎ ቀርቧል። በየሥልጠና አዳራሹ የሚደጋገም አባባል ስለሆነ ጥፋቱን በእናንተ ላይ ብቻ አልጭንም። ነገር ግን ስህተት ነው፤ አንባቢም የተሳሳተ ትምህርት ይወስድበታል። ኖኪያ ተለውጧል። ያውም እንደ እሱ ባለ ግዙፍ ኩባንያ ታሪክ ውስጥ እምብዛም በማይታይ ድፍረት፣ የሚሸጠውን ስልክ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአንድ ቀን መግለጫ ጥሎ ወደ ሌላ ተሻግሯል። ሽያጩ ቁልቁል የተንደረደረው ከዚያ መግለጫ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የኖኪያ ስማርት ስልኮች ይሠሩበት የነበረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሲምቢያን፣ ደህና ነበር ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሲምቢያን ታሞ ነበር። ሥሩ ሳይዮን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ለኪስ ኮምፒውተሮች የሠራው ኢፖክ የተሰኘ ሲስተም ነው። በ1998 ሳይዮን፣ ኖኪያ፣ ኤሪክሰንና ሞቶሮላ ተጣምረው ሲምቢያን የሚል ኩባንያ አቋቋሙ። በዚያ ዘመን አንድ የኪስ ኮምፒውተር የነበረው ሚሞሪ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ሲስተሙ እያንዳንዷን ባይት እንዲቆጥብ ተደርጎ ነው የተነደፈው። ፕሮግራመሩ የተጠቀመበትን ሚሞሪ በእጁ እየመዘገበ ማስለቀቅ ነበረበት፤ ተራ ጽሑፍ ለማስቀመጥ እንኳ ለሲምቢያን ብቻ የተፈጠረ የራሱ ደንብ ነበረው። በ1997 ይህ ብልህነት ነበር። ስልኮች በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሚሞሪ መያዝ ሲጀምሩ ግን ሌላ ቦታ በሳምንት የሚያልቀውን ሥራ ወር የሚያስፈጅ ሸክም ሆነ።

በዚያ ላይ በ2006 አካባቢ ኤስ60 የተባለው የኖኪያ የሲምቢያን ዓይነት ሦስተኛው እትም ሲመጣ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች አዲሶቹ ስልኮች ላይ አልሠራ አሉ። ኤን 70 ለተባለው የኖኪያ ስልክ የተዘጋጀ የሲስ ፋይል (የፕሮግራም መጫኛ ፋይል) ኤን 73 ላይ አይጫንም። ፕሮግራሞች በዲጂታል ሰርተፍኬት መፈረም ግዴታ ሆነባቸው። ሰርተፍኬቱ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለውና ገደቡ ሲያልፍ ስልኩ «የሰርተፍኬት ስህተት» ብሎ ይመልሳል። የዚያን ጊዜ የሞባይል ባለሙያ ሁሉ መፍትሔውን ያውቀዋል፤ የስልኩን ቀን ወደ ኋላ መልሶ መጫን፣ ከዚያ ቀኑን ማስተካከል። ደንበኛ ፕሮግራም ለመጫን የቀን መቁጠሪያውን ማታለል ካለበት ሲስተሙ ጤና እንደሌለው ግልጽ ነው።

በ2009 የወጣው ኤን 97 ሕመሙን በአደባባይ አሳየው። ስልኩ 32 ጊጋባይት ማከማቻ ነበረው፤ ራሙ (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ሚሞሪ) ግን 128 ሜጋባይት ብቻ። ከዚያ የባሰው ሲስተሙ ራሱ የሚጠቀምበት ሲ ድራይቭ በጣም ጠባብ መሆኑ ነበር። መልእክቶች፣ የኢንተርኔት ቅሪት ፋይሎችና ፕሮግራም ሲጫን የሚፈጠሩ ጊዜያዊ ፋይሎች የሚከማቹት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ሠላሳ ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይዞ «ሚሞሪ ሞልቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያነባል። በውድ ዋጋ የተገዛ ስልክ እንዲህ ሲሆን የምርት ስም ይጎዳል፤ ኖኪያም በኤን 97 ተጎድቷል።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ቁጥሩን እንይ። ኖኪያ በ2009 ወደ 68 ሚሊዮን፣ በ2010 ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ስማርት ስልኮችን ሸጧል። አፕል በ2010 የሸጠው አይፎን ከዚህ ግማሽ አይደርስም። የኖኪያ የገበያ ድርሻ እየቀነሰ ነበር፤ የገበያ ጥናት ድርጅቱ ጋርትነር በ2009 ለሲምቢያን የሰጠው 46.9 በመቶ በ2010 ወደ 37.6 ወርዷል፤ አንድሮይድ በፍጥነት እያደገ ነበርና። በድርሻ መቀነስና በሽያጭ መውደቅ መካከል ግን ሰፊ ልዩነት አለ። በ2010 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ብቻ ኖኪያ 28.3 ሚሊዮን ስማርት ስልክ አስረክቧል። ይህ የሞተ ኩባንያ ቁጥር አይደለም። ገበያው እሱን ቀድሞ እየሮጠ ነበር፤ እሱም ግን ወደፊት እየሄደ ነበር።

ስቲቨን ኢሎፕ የተባሉት ካናዳዊ በመስከረም 2010 ከማይክሮሶፍት መጥተው የኖኪያ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆኑ። የካቲት 2011 መጀመሪያ ላይ ለሠራተኞቻቸው የላኩት ማስታወሻ በቀናት ውስጥ አፈትልኮ ዓለም አነበበው። ኩባንያውን ባሕር መሐል እሳት በተነሳበት የነዳጅ ማውጫ ላይ ከቆመ ሰው ጋር ያመሳስላል፤ ወይ መቃጠል ወይ ወደ በረዶው ውኃ መዝለል። በየካቲት 11 ለንደን ላይ ከያኔው የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስፈፃሚ ስቲቭ ባልመር ጎን ቆመው ኖኪያ የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ፎን ዋና የስማርት ስልክ ሲስተሙ እንደሚያደርግ አስታወቁ። በዚያው ዕለት የኩባንያው አክሲዮን 14 በመቶ ያህል ወደቀ።

እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ እምብርት ያለው። በመግለጫው ቀን ኖኪያ አንድም የዊንዶውስ ስልክ አልነበረውም። የመጀመሪያው የዊንዶውስ ስልኩ ሉሚያ 800 ይፋ የሆነው በጥቅምት 2011 መጨረሻ፣ ሱቅ የገባው ደግሞ በኅዳር ነው። በመሐል ዘጠኝ ወር አለ። በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ኩባንያው የሚሸጠው ስማርት ስልክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ራሱ በአደባባይ እንደሚተወው የተናገረለት ሲምቢያን ነበር። ወደፊት ሌላ 150 ሚሊዮን የሲምቢያን ስልክ እንሸጣለን የሚል ዕቅድም በዚያው መግለጫ ውስጥ ነበረ! የሞት የምስክር ወረቀት ከዕቃው ጋር አብሮ ሰጥቶ 150 ሚሊዮን ገዢ መጠበቅ ምን ዓይነት ስሌት እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።

ገዢው ራሱ ማስታወሻውን ላያነብ ይችላል። የሚያነቡት በመሐል ያሉት ናቸው። በአውሮፓ የቴሌኮም ድርጅቶች ስልክ የሚያዙት ከወራት በፊት ነው፤ ዋጋውን በከፊል ራሳቸው ሸፍነው ደንበኛውን ለሁለት ዓመት በውል ያስሩታል። በሁለት ዓመት ውስጥ አፕ የማይሠራለትን ስልክ ለደንበኛዬ ሰጥቼ በመጨረሻ ቅሬታውን እኔ ልሸከም የሚል ድርጅት የለም። ትእዛዙን ይቀንሳል፣ የማስታወቂያ ገንዘቡን ወደ ጋላክሲና አይፎን ያዞራል፣ የሱቁንም የፊት መደርደሪያ ለእነሱ ይሰጣል። ውል በሌለበት አገር ደግሞ፣ ለምሳሌ በቻይና፣ አከፋፋዩ በእጁ ያለው ክምችት በየቀኑ ዋጋ እንደሚያጣ ስለሚያውቅ አዲስ ከመግዛቱ በፊት ያለውን በርካሽ ያራግፋል። ያ ርካሽ ዋጋ ደግሞ የሚቀጥለውን ምርት ዋጋ ይሰብራል። ኖኪያ ራሱ በ2011 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ለደረሰበት መንኮታኮት በቻይናና በአውሮፓ የተከማቸውን ዕቃ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል።

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። በ2010 መጨረሻ 28.3 ሚሊዮን የነበረው የሩብ ዓመት ሽያጭ በ2011 የመጀመሪያ ሩብ 24.2 ሚሊዮን ሆነ። ከገና በኋላ ያለው ሩብ ሁልጊዜ ስለሚቀንስ በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሁለተኛው ሩብ ግን 16.7 ሚሊዮን ነው፤ በዚያ ሩብ ኩባንያው የ368 ሚሊዮን ዩሮ የተጣራ ኪሳራ አስመዘገበ። ዓመት ቆይቶ በ2012 ሁለተኛ ሩብ 10.2 ሚሊዮን፣ በሦስተኛው 6.3 ሚሊዮን ሆነ። ከእነዚያ 6.3 ሚሊዮን ውስጥ ሉሚያዎቹ 2.9 ሚሊዮን ብቻ ናቸው። ማለትም አሮጌው በሩብ ዓመት ወደ ሃያ አምስት ሚሊዮን ሲያጣ አዲሱ የተካው ሦስት ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። የዓለም የስማርት ስልክ ገበያ በዚያው ጊዜ እጅግ እያደገ ነበር።

ስለ ፕሮግራመሮች አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። ኖኪያ በ2008 ትሮልቴክ የተባለውን የኖርዌይ ኩባንያ የገዛው ኪዩት ለተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ብሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አንድ ፕሮግራም በኪዩት ከተጻፈ በሲምቢያንም፣ ሊተካው ይዘጋጅ በነበረው ሚጎ በተባለው አዲስ ሲስተምም ላይ በትንሽ ማስተካከያ ይሠራል። ስለዚህ ደንበኛው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲሻገር አፖቹ አብረውት ይሻገራሉ። ድልድዩ ተሠርቶ ነበር። ዊንዶውስ ፎን 7 ግን ከውጭ ለሚመጣ ፕሮግራመር ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጨርሶ አይፈቅድም ነበር፤ የሚፈቀዱት ሲልቨርላይትና ኤክስኤንኤ የተባሉት የማይክሮሶፍት መሥሪያዎች ብቻ ናቸው። ኪዩት ደግሞ የተሠራው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። በየካቲት 11 መግለጫ ኪዩትን ለመማር ወራት ያጠፋ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። እንግዲህ ከባዶ መጀመር ካለበት ገዢ ወደ ሞላበት አንድሮይድ እንጂ ገና ወዳልተሸጠ ስልክ ለምን ይሄዳል?

ሁለት ስልኮችን ጎን ለጎን ማየት ከብዙ ትንታኔ ይበልጣል። ኤን 9 የሚጎ ስልክ ነው፤ በሰኔ 2011 ሲንጋፖር ላይ ተዋወቀ። ሉሚያ 800 ከጥቂት ወራት በኋላ መጣ። የሁለቱም አካል ከአንድ ወጥ ፖሊካርቦኔት የተፈለፈለ ነው፤ ከሩቅ ለይቶ ማወቅ ይቸግራል። ኤን 9 3.9 ኢንች ስክሪን አለው፤ ፊቱ ላይ አንድም ቁልፍ የለም፤ ከጠርዝ ወደ ውስጥ በጣት በመጥረግ ብቻ ነው የሚሠራው። ሉሚያ 800 ላይ ማይክሮሶፍት ሦስት የንክኪ ቁልፎች ከስክሪኑ በታች እንዲኖሩ ስለሚያስገድድ ስክሪኑ ወደ 3.7 ኢንች አነሰ። ኤን 9 የ1 ጊጋባይት ራም ሲኖረው ሉሚያ 512 ሜጋባይት ነው። ኤን 9 የፊት ካሜራና ኤንኤፍሲ (ስልክን በማስጠጋት ብቻ መረጃ መለዋወጫ) አለው፤ ሉሚያ 800 ሁለቱም የሉትም። ሉሚያ የተሻለው በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ብቻ ነው፤ የእሱ 1.4 ጊጋኸርዝ፣ የኤን 9 1 ጊጋኸርዝ።

ኖኪያ የራሱን የተሻለ ስልክ ምን አደረገው? ሉሚያ በሚሸጥባቸው ትልልቅ ገበያዎች፣ በአሜሪካ፣ በብሪታንያ፣ በጀርመን፣ ኤን 9ን አላቀረበውም። ኢሎፕም ኤን 9 የቱንም ያህል ቢወደድ ወደ ሚጎ እንደማይመለሱ አስቀድመው ተናገሩ። ሊሸጥ የመጣ ስልክ ገና ሳይሸጥ ልጅ እንደማይወልድ ተነገረለት።

ዊንዶውስ ፎን 7 መጥፎ ሲስተም ነበር ብሎ መናገር ተገቢ አይደለም። ፈጣን ነው፤ በአነስተኛ ፕሮሰሰር ላይ ሳይንተፋተፍ ይሄዳል፤ የዚያ ዘመን ርካሽ አንድሮይድ ይህን አይችልም ነበር። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። በእሱ የሚሠሩት ሉሚያዎች የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አልነበራቸውም። በብሉቱዝ ዘፈን ወይም ፎቶ መላክም መቀበልም አይቻልም። ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት እንደ ፍላሽ አይከፈትም፤ ዙን የተባለ ፕሮግራም መጫን ግድ ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ሞዴል እስከ 2014 ሉሚያ 630 ድረስ አልመጣም። በኒውዮርክ ለሚኖር ሰው ይህ ብዙም ላይከብድ ይችላል። ዘፈን ከሱቅ በካርድ በሚያስጭንበት፣ ፎቶ ከጓደኛው በብሉቱዝ በሚቀበልበት አገር ግን፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ስልኩ ዋና ዋና ሥራዎቹን አይሠራም ማለት ነው። ኖኪያ ደግሞ ጠንካራ የነበረው በትክክል በእነዚህ አገሮች ነው። አምስት ዓመት የቆየ ኤን 73 የሚያደርገውን አዲሱ ሉሚያ አላደረገም። የኖኪያ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ሲስተሙ የእነሱ ስላልሆነ ማስተካከል አልቻሉም። ማይክሮሶፍትን ለምነው ዝመና መጠበቅ ነበረባቸው።

ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ትምህርት ተገኝቶ ነበርና። ሉሚያ 900 በሚያዝያ 2012 በአሜሪካ በኤቲ ኤንድ ቲ በኩል በከፍተኛ ማስታወቂያ ተለቀቀ። በሰኔ 20፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎን 8ን አስተዋወቀና ነባር ስልኮች አንዱም ወደ እሱ እንደማያድግ ተናገረ። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። ዊንዶውስ ፎን 7 የተገነባው በዊንዶውስ ሲኢ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ሲሆን 8 ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ባለው የኤንቲ ከርነል ላይ ነው። አነሳሱ፣ ድራይቨሮቹ፣ የፋይል አያያዙ ሁሉ የተለየ ነው። ለአሮጌዎቹ የተሰጣቸው 7.8 የሚባል፣ በአብዛኛው የመነሻ ገጹን መልክ የሚለውጥ ዝመና ነበር። ለዊንዶውስ ፎን 8 ተብለው የተጻፉ አፖች በእነሱ ላይ አይሠሩም።

ይህ ከየካቲት 2011 ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አዲሱ ሉሚያ 920 የሚመጣው በኅዳር፣ የአሮጌው ሞት የሚነገረው በሰኔ። መሐል ያሉት ወራት ደግሞ ባዶ ሆኑ። ከላይ የጠቀስኩት የ2012 ሦስተኛ ሩብ ውድቀት የዚህ ውጤት ነው። በኖኪያ ሲያምኑ የቆዩትና መጀመሪያ ሉሚያ የገዙት ደንበኞች ናቸው የተቀጡት። እንዲህ ዓይነት ሰው ሁለተኛ አይመለስም፤ ለዘመዱም አይመክርም።

ሦስተኛው ደግሞ በ2016 መጣ፤ ያኔ የስልክ ክፍሉ ለማይክሮሶፍት ተሽጦ ነበር። ዊንዶውስ 10 ሞባይል ወደ ነባር ስልኮች ሲወርድ እጅግ የተሸጠው ሉሚያ 520 በ512 ሜጋባይት ራሙ ምክንያት ከዝርዝሩ ቀረ። 920ም፣ ባለ 41 ሜጋፒክስሉ 1020ም ቀሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደንበኛን መሐል መንገድ ላይ ማውረድ ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ፤ ማይክሮሶፍት ለኖኪያ በየሩብ ዓመቱ 250 ሚሊዮን ዶላር ይከፍል ነበር። ኖኪያ በበኩሉ ለሶፍትዌሩ ፈቃድ የሚከፍል ሲሆን ሽያጩ ባይደርስም የማይቀር ዝቅተኛ ክፍያ በውሉ ተቀምጧል። መጀመሪያ የመጣው ገንዘብ ይበልጥ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ሚዛኑ ወደ ማይክሮሶፍት እንደሚያጋድል ኖኪያ ራሱ በ2013 መጀመሪያ አስታውቋል።

ሠራተኞቹ ላይ የደረሰውን ቁጥር ብቻ ልጥቀስ። በሚያዝያ 2011 4,000 ሠራተኞችን መቀነስና 3,000 የሲምቢያን ባለሙያዎችን አክሰንቸር ወደተባለ ሌላ ኩባንያ ማዛወር፤ በመስከረም ሌላ 3,500፤ በየካቲት 2012 4,000፤ በሰኔ 10,000። በፊንላንድ የነበረው የሳሎ ፋብሪካ ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኤስፖ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት በ170 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጦ ኩባንያው በገዛ ሕንፃው ተከራይ ሆነ። በመስከረም 2013 የስልክ ክፍሉ ለማይክሮሶፍት በ5.44 ቢሊዮን ዩሮ መሸጡ ተነገረ፤ ርክክቡ በሚያዝያ 2014 አለቀ። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2015 ከዚህ ግዢ ጋር የተያያዘ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ፤ ከገዛበት ዋጋ በላይ መሆኑ ነው።

«ታዲያ ምን ያድርግ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አንድሮይድን ያልመረጠበት ምክንያት ሞኝነት አልነበረም። ኖኪያ ናቭቴክ ለተባለው የካርታ ኩባንያ 8.1 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበር፤ አንድሮይድ ውስጥ ደግሞ የጉግል ካርታ አለ። ከዚያም በላይ አንድ አምራች የአንድሮይድን ገበያ ጠቅልሎ ይይዛል የሚል ስጋት ነበራቸው፤ ሳምሰንግ በእርግጥ ያዘው። ሚጎን በተመለከተ በወቅቱ እንደተዘገበው እስከ 2014 ሊደርሱ የሚችሉት ሦስት ሞዴሎች ብቻ መሆናቸው ተሰልቶ ነበር። ሦስት ሞዴል ይዞ መቶ ሚሊዮን ስልክ የሚሸጥ ኩባንያን ማቆየት አይቻልም።

በእኔ አመለካከት ዊንዶውስ ፎንን መሞከሩ ራሱ አልገደለውም። ሳምሰንግም በዚያው ጊዜ ዊንዶውስ ፎን ሠርቷል፤ ኦምኒያ 7 ይታወሳል። ግን ከጎኑ አንድሮይድ ነበረው፣ ባዳ የተባለ የራሱ ሲስተምም ነበረው፤ የትኛውንም በአደባባይ አልቀበረም። ያልሸጠውን ዝም ብሎ ማምረት አቆመ። ኖኪያ ሲምቢያንን በርካሽ ስልኮች ላይ እያሻሻለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሉሚያዎች ምንም ሳይናገር አዘጋጅቶ፣ ዕቃው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ መግለጫውን ቢሰጥ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። የገበያ መሪነቱን ይጠብቅ ነበር አልልም፤ አንድሮይድ መምጣቱ አይቀርም። በሰባት ሩብ ዓመት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ ሽያጩን ማጣቱ ግን ግድ አልነበረም።

ኢሎፕ ከማይክሮሶፍት ተልከው ኖኪያን ሊያፈርሱ የመጡ ናቸው የሚለውን ወሬ አልቀበለውም። ወደ ማይክሮሶፍት ተመልሰው መግባታቸውና ሲወጡ የተቆረጠላቸው 18.8 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ክፍያ በፊንላንድ ቁጣ ማስነሳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ውሳኔውን ያጸደቀው በዮርማ ኦሊላ የሚመራው የዳይሬክተሮች ቦርድ ነው። ሴራ ፍለጋ መሄድ ቀላል ነው፤ የመግለጫውን ቀንና የዕቃውን ቀን አስተያይቶ መጠየቅ ይሻላል።

እናንተ «ሞተ» ያላችሁት ኖኪያ ደግሞ አልሞተም። የቴሌኮም ኔትወርክ መሣሪያ የሚሠራው ክፍል ቀጥሏል፤ በ2016 አልካቴል ሉሰንትን ጠቅልሏል። ከ2017 ጀምሮ ኖኪያ የሚል ስም ይዘው የወጡት አንድሮይድ ስልኮች ኤችኤምዲ በተባለ ሌላ የፊንላንድ ኩባንያ በስሙ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። የኤን 9 ሠሪዎች የተወሰኑት ጆላ የሚል ኩባንያ መሥርተው ሴይልፊሽ የተባለ የስልክ ሲስተም ሠርተዋል። ይህን ማስተካከያ በሚቀጥለው ዕትማችሁ ብታስገቡት ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ሉሚያቸው መሳቢያ ውስጥ ለቀረ አንባቢዎች። ዋትስአፕ በዊንዶውስ ፎን ላይ መሥራት ያቆመው በ2019 መጨረሻ ስለሆነ እሱን ለማስነሳት አትድከሙ፤ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ነው። መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። ሉሚያ 520 የጀርባ ሽፋኑ በጥፍር ይወልቃል፤ ባትሪው ቢኤል-5ጄ ነው፤ ኖኪያ 5800፣ 5230ና ኤን 900 ላይ የነበረው ዓይነት ስለሆነ ምትክ አይጠፋም። ያበጠ ከሆነ ቻርጅ አታድርጉት፤ አውጡትና ሌላ ተኩ። 800ና 920 ባትሪያቸው ከውስጥ ስለሆነ ያበጠ ከመሰላችሁ ለባለሙያ ስጡ።

ስልኩ ሲነሳ ቀኑ ተዛብቶ ታገኙታላችሁ፤ ቀኑን በእጅ ሳታስተካክሉ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ለመግባት ብትሞክሩ አይቀበልም። ዊንዶውስ ፎን 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ፣ የስክሪኑን ቁልፍ ክፈቱ፣ ከዚያ የፎቶ ፎልደሩን ገልብጡ። ስክሪኑ ተቆልፎ እንዳለ ካገናኛችሁት ኮምፒውተሩ ባዶ ያሳያል፤ ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። ሚሞሪ ካርድ ካለውና ፎቶዎቹ እሱ ላይ ከተቀመጡ ካርዱን አውጥታችሁ ሌላ ስልክ ላይ ማስገባት ይበቃል። 610፣ 710፣ 800ና 900 ግን ዙን ካልተጫነ ኮምፒውተር ላይ አይታዩም።

ዊንዶውስ ፎን 8 ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሉሚያ ሲነሳ እየተንቀጠቀጠ የሚቆም ከሆነ አጥፍታችሁ የድምፅ መቀነሻውን ተጭናችሁ ሳትለቁ ቻርጀር ሰኩ። የቃለ አጋኖ ምልክት ሲመጣ ልቀቁና በቅደም ተከተል ድምፅ መጨመሪያ፣ ድምፅ መቀነሻ፣ ማብሪያ፣ ድምፅ መቀነሻ ተጫኑ። ይህ ስልኩን እንደ አዲስ ያስነሳዋል፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ ግን ይደመስሳል። ስለዚህ ፎቶው ሳይወጣ ይህን እንዳታደርጉ፤ ጠጋኝም ሳይጠይቃችሁ እንዳያደርገው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሞባይል ሶፍትዌር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ